አፉና እጀታው

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት የአንዲት ተማሪ ቦርሳ ዚፕ እየቀየርኩ ሳለ ነው። ልጃቸው ፋጡማ ደወለች።

«ጋሽ ወልዴ፣ አባዬ ሱብሂ ላይ…» ብላ ድምጿ ተቆረጠ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አልኳት። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ መሆኑን ነግራኝ ዘጋችው።

ስልኬን አስቀምጬ ቀና አልኩ። በስተቀኜ የጋሽ እንድሪስ የእንጨት ሳጥን ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ከታመሙ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ፊት ለፊቴ፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ሸምሱ ሸራውን ዘርግቶ የፕላስቲክ ምላጭ፣ ማበጠሪያና የኪስ መስታወት ይሸጣል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምን እንደሰማሁ ከፊቴ አንብቧል። ግን አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብሎ ማበጠሪያዎቹን በየቀለማቸው መደርደሩን ቀጠለ። በዚያች ሰዓት ተሻግሬ ሸራውን ብገለብጥበት ደስ ይለኝ ነበር።

እኛ ያለንባት መተላለፊያ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ናት። በጣም ጠባብ ስለሆነች ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ ሲመጣ ሁላችንም እግራችንን እንሰበስባለን። እኔ ቦርሳና ሻንጣ እጠግናለሁ። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ የቀንድ ሰው ነበሩ። አባታቸው ወሎ ውስጥ ዋንጫና የጎራዴ እጀታ ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ግን መርካቶ ሲገቡ በዋንጫ የሚጠጣም ሆነ ጎራዴ የሚታጠቅ ሰው አላገኙም። ያገኙት ፀጉር አስተካካይ ነው። ያኔ ፂም የሚላጨው በታጣፊ ምላጭ ነበር። ስለቱ እንደ ሰንጢ ታጥፎ በሁለት የቀንድ ሽፋኖች መሀል ይገባል፤ አንዲት ቀጭን ምስማር ሦስቱንም አያይዛ ትይዛቸዋለች። ቀንድ ደግሞ አንዴ ሲረጥብ አንዴ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀበት ሁሉ ምላጩን ይዞ ወደ ጋሽ እንድሪስ ነበር።

ቀጠን ያሉ፣ ረጃጅም ጣት ያላቸው፣ ኮፊያቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። ሲሠሩ ትንፋሻቸውን ይይዙና ሲጨርሱ «እፍ» ብለው የቀንዱን ብናኝ ያባርሩታል። ያ ብናኝ ግማሹ እኔ በምሰፋው ቦርሳ ላይ፣ ግማሹ እሳቸው ሳንባ ውስጥ ነበር የሚያርፈው። «ጋሽ እንድሪስ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ እንጂ» ስላቸው «አብሽር ወልዴ፣ ቀንድ ንፁህ ነገር ነው» ይሉኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ኩራታቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ያልተነካ» የምትል። የቀንድ ብናኝ ከሙጫ ጋር ለውሰው፣ ቀለሙን አመሳስለው ስንጥቁን ይሞሉታል። በሞረድ ያስተካክሉታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ በመጨረሻ በዘይት አሽተው ያወዙታል። ከዚያ ለባለቤቱ ያቀብሉና «እስቲ አግኛት» ይሉታል። ሰውዬው ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ በጥፍሩ ይፈልጋል፣ አያገኝም። «ያልተነካ!» ይሉና እንደ ልጅ ይስቃሉ። እኔም ብዙ ጊዜ ሞክሬ አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም።

ሸምሱ በዚያ ዘመን የመተላለፊያችን ንጉሥ ነበር። የስልጤ ልጅ፣ እጁ ቀልጣፋ፣ ወሬው የማያልቅ ፀጉር አስተካካይ። አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት የያዘች ክፍል ነበረችው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ጋሽ እንድሪስን ጎትቶ ያስቀምጣቸዋል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይቀመጡ። ዛሬ ሙሽራ ነው የማደርግዎት።»

«ሙሽራዋን ማን ያመጣልኛል?»

«እርስዎ ፂምዎን ያሳምሩ እንጂ እሷ ራሷ ትመጣለች!»

እንዲህ ሲባባሉ መተላለፊያው በሙሉ ይስቃል። ሸምሱ አባት አልነበረውም፤ እሳቸውም ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ነገሩ ይገባችኋል።

የሸምሱ ምላጭ ከአባቱ የወረሰው፣ ጥቁር የቀንድ እጀታ ያለው ነበር። አንድ ቀን ከምስማሩ አጠገብ ተሰነጠቀና ወደ ጋሽ እንድሪስ አመጣው። እሳቸውም ከማንም ሰው ምላጭ ይልቅ ለዚህ ተጨነቁ። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር መናገር አለብኝ። ጋሽ እንድሪስ «ስንጥቅ እግር አለው» ይሉ ነበር። ከላይ የሚታየውን ብቻ ከሞላህ ውስጥ ለውስጥ መሄዱን አያቆምም ማለታቸው ነው። ስለዚህ ስንጥቁ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ስንጥቁ እዚያች ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ቀዳዳዋን ቢሞሏትም እንዲያ በወዛ ጥቁር ቀንድ ላይ እንደ ነጥብ ትታያለች። ጋሽ እንድሪስ ያቺን ነጥብ አልፈለጓትም። ለሸምሱ ያልተነካ ሊሰጡት ፈለጉ። ሳይበሱ ሞሉት።

ሸምሱ አገላብጦ ፈልጎ አጣው። «ያልተነካ!» ብለው ሳቁ። እሱም ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሸምሱ ደንበኛ ላጭቶ ምላጩን ሲያጥፍ እጀታው እጁ ላይ ተፈነቀለ። ስለቱ ገብቶ የሚያርፍበት አጣና በቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ላይ አረፈ። ጩኸቱን ሰምተን ስንሮጥ መስታወቱ ላይ ሳይቀር ደም ነበር። ቁስሉ ዳነ። ጅማቱ ግን አልተመለሰም፤ ሁለቱ ጣቶች እንደተገተሩ ቀሩ። መቀስ የማይዝ ፀጉር አስተካካይ ሆነ።

ማንም ጋሽ እንድሪስን አልጠረጠረም። ምላጩ ያረጀ ነው፣ ቀንድ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው ተባለና አለፈ። እሳቸው ግን ሊጠይቁት በሄዱበት ቀን፣ እኛ ሁላችን ተቀምጠን፣ የተሰበረውን እጀታ እንዲያሳዩዋቸው ለመኑ። ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ግማሹ ነጭ ነው፤ ያን ቀን የተሰበረው። ግማሹ ግን ጠቁሮ፣ ሳሙናና እድፍ ገብቶበት ነበር። ስንጥቁ ከስር ሲሄድ የከረመበት ነው። 

«ሸምሱ፣ ይሄ የኔ ነው» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሽ እንድሪስ?»

«እግሩን አልበሳሁትም። እንዳይታይብኝ ብዬ፣ እንዲያምር ብዬ ተውኩት።»

ሸምሱ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ታውቅ ነበር?» አላቸው።

ልብ በሉ፤ «ያውቁ ነበር?» አላለም። አንቱታውን ያነሳባቸው በዚያች ቃል ነው። አባት የሚያህልን ሰው በጎረቤት ፊት አንተ ማለት ከጥፊ ይከፋል። ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ደፉ፤ «አውቅ ነበር» አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሸምሱ በግራ እጁ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። የአንድ ደንበኛ ጆሮ ቆረጠና ተወው። ወንበሩም መስታወቱም ለሌላ ሰው ሄደ። ጉርሻ መጠቅለል ስለሚያቅተው ሰርግ ሲጠራ «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ጥግ ይይዛል፤ ያ ሁሉን ያስቅ የነበረ ሰው። ስለትን በጋራ መጠቀም በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ታጣፊ ምላጭ ከየፀጉር ቤቱ ሲወጣ ደግሞ ሸምሱ ተላጭተው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ምላጭ መሸጥ ጀመረ። ከመርካቶ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ሸራውን የዘረጋው ከጋሽ እንድሪስ ፊት ለፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ። ሸምሱ አይናገራቸውም። እሳቸውም ቦታ አልቀየሩም።

የቀየሩት ሥራቸውን ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ጋሽ እንድሪስ ስንጥቅ ደብቀው አያውቁም። ስንጥቁን ራሱን ተከትለው በቀጭን መጋዝ ያሰፉታል፤ የነሐስ ሽቦ ቀጥቅጠው ያስገቡበታል። ጫፉን ይበሱና ቀዳዳዋንም በነሐስ ይደፍኗታል። ጥቁሩ ቀንድ ላይ የሚያበራ መስመር ይሄዳል፤ በመስመሩ ጫፍ አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። የድሮ ደንበኞች ይነጫነጩ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እንደ ድሮው አያጠፉልኝም?»

«አይሆንም። ይታይ። የት ጋ እንደተሰበረ እጅህም ይወቀው።»

እንግዲህ ይህ የሆነው ለማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ግን ጌጥ አደረገው። በቅርብ ዓመታት ፂም ማሳደግ ፋሽን ሲሆን፣ ባለመብራት ፀጉር ቤቶች የድሮ ታጣፊ ምላጭ እየገዙ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። የማይላጭበት ሁሉ ይገዛል። አንዱ ፂሙን የጠመዘዘ ወጣት ስልኩን ደግኖ መጣ።

«ፋዘር፣ ይቺን ዲዛይን ለኔም ይሥሩልኝ።»

«ስንጥቁ የታለ?»

«የለውም። እጀታው ሰላም ነው።»

«ሰላም ከሆነ ምን አደረገህ? ይዘኸው ሂድ።»

«ለጌጥ እኮ ነው ፋዘር…»

«ጌጥ አይደለም!» ብለው ጮኹበት። እኔ ጋሽ እንድሪስ ሲጮኹ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወጣቱ ደነገጠ፤ ግን ሳጥናቸው ላይ የነበሩትን ሌሎች እጀታዎች በስልኩ አንስቶ ሄደ። ምን ብሎ እንደለጠፈው አላውቅም፤ ሰው ይጎርፍ ጀመር። «የነሐሱ ሰውዬ የት ናቸው?» እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። ሸምሱ ከማዶ ሆኖ ሁሉንም ያያል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መተላለፊያው በሙሉ እንዲሰማው አድርጎ፣

«በኔ ጣት ያጌጣል!» አለ።

ጋሽ እንድሪስ መዶሻቸውን አስቀመጡ። የያዙትን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸውን ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን የኔም ልብ ተሰበረ።

ሙስሊም ወንድሞቻችን ይቅር በለኝ ሲሉ «አፉ በለኝ» ይላሉ። ምላጭ የያዘ ሰው ደግሞ «አፉ» ሲል ስለቱን ማለቱ ነው። ጋሽ እንድሪስን የበላቸው የዚህች ቃል ነገር ነው። ሸምሱ ሸራውን ከዘረጋ በኋላ በመጀመሪያው የኢድ ዋዜማ መተላለፊያውን ተሻገሩ። ሸራው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሸራው እንደ ምንጣፍ የተነጠፈላቸው ይመስል።

«ሸምሱ፣ ነገ ኢድ ነው። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ።»

ሸምሱ ከፊቱ አንድ ምላጭ አነሳ። በግራ አውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰስ አደረገው።

«አፉ ደህና ነው» አለ። «እጀታውን ነው ያበላሸኸው።»

አንድ ተሸካሚ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ጋሽ እንድሪስ ጫማቸውን አድርገው ተመለሱ። ያቺ አነጋገር ግን ቀረች። መተላለፊያችን ውስጥ ዕቃ ሲበላሽም፣ ሰው ሲያመውም፣ መኪና አልነሳ ሲልም «አፉ ደህና ነው፣ እጀታውን ነው!» መባል ተጀመረ። መርካቶ የማያስቅ ነገር የለውም። እሳቸው እየሰሙ ነው ይህ ሁሉ።

ቢሆንም በየዓመቱ የኢድ ዋዜማ ይሻገራሉ። መልሱም ያው ነው። እኔም ሽማግሌዎችም ሸምሱን ለምነነዋል።

«አንተ ሰው፣ እሳቸው ራሳቸው ባይነግሩህ ኖሮ እኮ አታውቅም ነበር» አልኩት አንድ ቀን።

«ለዚያ ነው» አለኝ። «ዝም ቢል ኖሮ የአላህ ሥራ ነው ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ጣቴን ባየሁ ቁጥር የማየው እሱን ነው።»

ተውኩት።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። ቀስ በቀስ ግን ያ «እፍ» ማለታቸው ቀረ፤ እፍ የሚሉበት ትንፋሽ አጡ። ሳንባቸው ማለቁን ሐኪሙ ለፋጡማ ነገራት። አብነት አካባቢ ባለችው የኪራይ ቤታቸው፣ መስኮት ሥር በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ተኙ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎራ እላለሁ። አንድ እሁድ እጄን ያዙኝ።

«ወልዴ፣ የሰው ሐቅ ይዤ ልሄድ ነው።»

«ኧረ ይተዉ ጋሽ እንድሪስ፣ ይድናሉ።»

«አላህ የራሱን ይምራል። የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ ማን ይምረዋል? ሸምሱን አናግርልኝ።»

በማግስቱ ሸራው ዳር ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። እየሞቱ ነው አልኩት። ሸምሱ ከተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ አንድ የቆሸሸ ጨርቅ አወጣ። ምላጩ ነበር። ስባሪውን ከነስለቱ ያን ሁሉ ዘመን አስቀምጦታል።

«ይሥራው» አለኝ። «ግን እንደ ድሮው። ያልተነካ። ስንጥቁን ፈልጌ ካጣሁት አፉ እለዋለሁ።»

ደስታዬን አልቻልኩትም። ሥራዬን ዘግቼ እየሮጥኩ አብነት ደረስኩ። ጋሽ እንድሪስ ጨርቁን ሲፈቱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ስባሪዎቹን ገጣጠሟቸው፤ አሁንም ልክክ ይላሉ።

«እንደ ድሮው አለ?»

«አዎ! ያልተነካ ካደረጉለት አፉ ይልዎታል። በአፉ ነገረኝ።»

«አልችልም።»

«እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ቀስ እያሉ…»

«እጄን አይደለም የምልህ። ይህንን ስንጥቅ ሁለተኛ ልደብቀው? ይህንኑ?» ሳል አቋረጣቸው። «ሰው ይይዘዋል ወልዴ። ነገ አንዱ አንስቶ ይይዘዋል።»

ተናደድኩ። የሚሞት ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው፤ ግን ተናደድኩ።

«ማን ነው የሚይዘው? ሸምሱ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚከተው! ለአንድ ጊዜ ይደብቁትና ቃሉን ይውሰዱ እንጂ! ሁለታችሁም ደረቆች ናችሁ!»

«በውሸት አፉ ቢለኝ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ።

ሠሩት። ፋጡማ ከጀርባቸው ትራስ እየደገፈች፣ ሳሉ ሲመጣ እያቆሙ፣ ሲተዋቸው እየቀጠሉ ሠሩት። ጫፉን በሱ። ነሐሱን ቀጥቅጠው ከዳር እስከ ዳር አስገቡት። እንዲያ የሰፋ መስመር ሠርተው አያውቁም፤ ከሩቅ ይታያል። በመጨረሻ ነጥቧን ደፈኑና ለኔ አቀበሉኝ። «እስቲ አግኛት» አላሉኝም።

ወስጄ ለሸምሱ ሰጠሁት። ጨርቁን ሲገልጠው ነሐሱ አበራ። መልሶ ጠቅልሎ በግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ምን ልበላቸው?» አልኩት።

«ምንም።»

«አፉ ብሏል» ልላቸው ቆረጥኩ። ከሰባተኛ እስከ አብነት ቃሉን ስለማመደው ሄድኩ። እየሞተ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት ቢነገረው እግዜር ይጣላኛል? አይጣላኝም ብዬ ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ከፍራሹ ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ተተከለ።

«ወልዴ፣ እንዳትደብቀኝ» አሉ።

ምን ላድርግ? «ምንም አላለም ጋሽ እንድሪስ» አልኳቸው። «ኪሱ ከተተው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጉንጫቸው ወደ ጆሯቸው እንባ ሲወርድ አየሁ። ትንሽ ቆይተው እጄን ፈልገው ያዙኝና፦

«አብሽር» አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስልክ ከላይ የነገርኳችሁ ነው።

ጀናዛው ከቤት ሲወጣ ጎዳናው በሰው ተሞልቶ ነበር። የመተላለፊያችን ሰው በሙሉ ዘግቶ መጥቷል። ኢማሙ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ይህ ወንድማችሁ እንድሪስ አብሯችሁ ኖሯል። የበደለው፣ ያስቀየመው ሰው ካለ፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉት።»

«አፉ ብለናል!» አለ ሰዉ።

ኢማሙ ደግመው ጠየቁ። «አፉ ብለናል!» እኔም ክርስቲያኑ አብሬ አልኩ። ሸምሱን በዓይኔ ፈለግሁት። ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ከንፈሩን ነበር የማየው። አልተከፈተም። ቃሬዛውን ለመሸከም ሰው ሲሻማ ሸምሱም ትከሻውን ሰጠ። አፉን ግን አልሰጠም። ጋሽ እንድሪስ የፈሩትን ይዘው አፈር ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሸምሱ ሰላምታ ነሳሁት። እሱም አልለመነኝም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ያ ባለ ፂም ወጣት አንድ ቀን መጥቶ የነሐሱ ሰውዬ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሞቱ አልኩት። «በቃ ዋጋው ይጨምራል» አለ፣ በኋላ ከሌላ ሰው ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውን ማለቱ ነው። በመርፌዬ ልወጋው ምንም አልቀረኝም።

ሰሞኑን ግን ሸምሱ ራሱ ተሻግሮ መጣ። ፊቴ ቆመና ያንን ምላጭ ከኪሱ አውጥቶ መሥሪያዬ ላይ አኖረው።

«አፎት ስፋልኝ» አለኝ። «የቆዳ። ኪሴን እየቀደደ አስቸገረኝ።»

ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዞት ነው የሚዞረው። አላዘንኩለትም። እንደውም ላቆስለው ፈለግሁና የራሱን ቀልድ መለስኩለት።

«አፉ እንዴት ነው?» አልኩት።

ሸምሱ አልሳቀም። ምላጩን አንስቶ ከፈተው። የተገተሩት ሁለት ጣቶቹ ከእጀታው ውጪ ቀሩ፤ የግራ አውራ ጣቱ ግን በነሐሱ መስመር ላይ ሳያየው ሄዶ ሄዶ ነጥቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ነጥቧ ከሌላው ይልቅ ወዝታለች። በመዳሰስ ብዛት ነው።

«አፉ ደንዟል» አለ። «እጀታውን ግን… ደህና አድርገው ነው የሠሩት።»

በትክክል ያልሰማሁ መስሎኝ ቀና አልኩ።

«ማን?»

«እሳቸው ናቸዋ» አለ። «ጋሽ እንድሪስ።»

ከዚያ ፊቱን አዙሮ ቶሎ ተሻገረ። እኔ ቆዳውን እንደያዝኩ፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ ሰሙ?» ለማለት ወደ ቀኝ ዞርኩ። ሳጥናቸው እንደተቆለፈ ነው።